ራምን ሆን ብሎ ማሳመም፦ በኤምአድቫይዝ ወይስ በኢአይኤንጄ?

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ቡና ይዘን ጓደኛዬ ጠየቀኝ። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የራም ብልሽት ሲገጥመው የሚያደርገውን በምን ልሞክር?

ቀላሉ ኤምአድቫይዝ (madvise) ነው፤ ፕሮግራም ስለሚጠቀምበት ራም ለከርነሉ የሚናገርበት ጥሪ። ብልሽት የማስመሰል አማራጩ (MADV_HWPOISON) ከሊኑክስ 2.6.32 ጀምሮ አለ። ፕሮግራምህ «ይህ ገጽ (የራም ቁራጭ) ተመርዟል»፣ ማለትም ተበላሽቷል፣ ብሎ ለከርነሉ ይነግረዋል። ራሙ ጤነኛ ነው፤ ዓይን ያወጣ ውሸት! ከርነሉ ግን አምኖ ገጹን ያገላል። ፕሮግራሙ ያንን ገጽ ሊነካ ሲል ሲግባስ (SIGBUS) የሚባል የስህተት ምልክት ይደርሰዋል፤ ካልተዘጋጀበት ይሞታል። ገጹ ያልተቀየረ የፋይል ቅጂ ከሆነ ግን ከዲስክ እንደገና ይነበባል፣ ማንም አይሞትም። የሩት (የዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድና ለዚህ የተገነባ ከርነል ካለህ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ይበቃሃል።

ኢአይኤንጄ (EINJ)፣ ስህተት ሆን ብሎ የማስገቢያው ሌላ መንገድ፣ በፈርምዌር (በማሽኑ ውስጥ በተቀመጠው ሶፍትዌር) በኩል ነው የሚሄደው። ከሃርድዌር እስከ ከርነል ያለውን የሪፖርት መንገድ ይፈትሻል። ግን የሚደግፈው ሰርቨር ይፈልጋል፣ ባዮስ (የማሽኑ ማስነሻ ቅንብር) ላይም መከፈት አለበት። ለኛ ቅንጦት ነው።

በኤምአድቫይዝ ጀምር አልኩት። ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ እንዳይሞክረው ግን አስምዬዋለሁ።