የዘጌው በቀቀን ጉዞ፦ አስጎብኚው አንደኛ፣ ጀልባው ግን...

ከባሕር ዳር ዘጌ ድረስ የወፍ ፎቶ ለሚያነሱ ሰዎች ጀልባና አስጎብኚ አንድ ላይ የሚያቀርቡ ልጆች አሉ። ስማቸው ይቅርና ስለ ሥራቸው ልንገራችሁ።

ቀጠሮው ለጠዋቱ 12 ሰዓት ነበር። ጀልባው የመጣው ግን ፀሐይ ጠንከር ካለች በኋላ ነው። «ነዳጅ ስፈልግ ነው» አለ ባለጀልባው። ገዳም ለሚያይ ሰው ችግር የለውም፤ ገዳሙ የትም አይሄድም። በቀቀን ግን ጠዋት በልቶ ቅጠል ውስጥ ከገባ፣ ቅጠሉን አንስታችሁ ትመለሳላችሁ። ላይፍ ጃኬቱም ለሁላችንም አልበቃም። ይሄ ቀልድ አይደለም።

የከፈልኩት እንዳይቆጨኝ ያደረገው አስጎብኚው ነው። የዘጌ ልጅ ነው። ሌላው ጎብኚ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሲጣደፍ፣ እሱ ቡናው መሐል ከአንድ ትልቅ ዋንዛ አጠገብ አስቀመጠንና «ዝም በሉ» አለ። «በዓይን አትፈልጉት። የሚወድቀውን ፍሬ ስሙ።» ትንሽ ቆይቶ የተገመጠ ፍሬ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ቀና ስል አረንጓዴው ወፍ ከነቢጫ ግንባሩ እዚያው አለ። ፍሬውን በአንድ እግሩ ጨብጦ፣ እንደ ሳንቡሳ እያዟዟረ ይገምጣል። ጥላው ከባድ ስለሆነ በ400 ሚሊሜትር ሌንስ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን መጠን) 3200 ማድረስ ነበረብኝ። አንዱ ጓደኛችን ፍላሽ ሊያወጣ ሲል አስጎብኚው በመዳፉ ሸፈነው። ደስ አለኝ።

ብርቅ በቀቀን ሲባል የኒውዚላንዱ ካካፖ ይነሳል። የማይበር፣ በሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ወንዱ እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን ወፍ ነው። በፈረንጆቹ 1995 ዓ.ም. 51 ብቻ ቀርተው ነበር፤ በ2022 252 ደረሱ። አብዛኞቹ ያሉት ያለ ፈቃድ በማይገባባቸው ደሴቶች ላይ ነው፤ ገንዘብ ቢኖራችሁም ዝም ብሎ የሚወስዳችሁ የለም። የዘጌው ቢጫ ግንባር በቀቀን ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ሆኖ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ታዲያ ስንቶቻችን አይተነዋል?

እኔ ብሆን አስጎብኚውን ለብቻው ይዤ፣ ጀልባውን ሌላ ቦታ እከራያለሁ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋሱ ስለሚነሳ ከምሳ በፊት ተመለሱ፤ ካሜራውንም በፌስታል ጠቅልሉት። ሂሳቡ በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። ሦስት አራት ሆናችሁ ብትሄዱ ይረክሳል፤ ከዚያ ከበዛችሁ ግን ወሬው ወፉን ያባርረዋል።