ቁጥር 1.5 ባለሞላ የእግር ወጥመድ፦ ከካርቶን ወጥቶ በቀጥታ አይጠመድም

ለቀበሮና ለራኩን (ጭራው ባለቀለበት የሆነ የሰሜን አሜሪካ አውሬ) ባለሁለት ጥቅል ሞላው ቁጥር 1.5 መጠኑ ልክ ነው፤ መንጋጋው ሲከፈት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለኮዮቴ (ተኩላ መሰል የሰሜን አሜሪካ አውሬ) ከፍ ያለ ቁጥር ይሻላል። የርካሹም ዓይነት ቢሆን ሞላውና ብረቱ አይታማም። የሚታማው መርገጫው (እንስሳው ሲረግጠው ወጥመዱን የሚያዘጋው ሳህን) እና ሰንሰለቱ ነው።

መርገጫው ከፋብሪካ ልል ሆኖ ስለሚመጣ አይጥም ብትሮጥበት ይዘጋል። ቡሎኑን አጥብቆ ወደ 900 ግራም ሲያርፍበት ብቻ እንዲወድቅ ማድረግ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ ሲቀመጥበት ካልተዘጋ፣ አንድ ሊትር ሲሆን ከተዘጋ ደህና ነው (ጣት ከመንጋጋው ይራቅ)። መርገጫው ከመንጋጋው በላይ ከፍ ብሎ ከቆመ ደግሞ እግሩ ሳይገባ ይዘጋና የጣቱን ጫፍ ብቻ ይይዛል፤ እንስሳው አምልጦ ሁለተኛ አይጠጋም። መርገጫውን የያዘውን የብረት ምላስ በፒንሳ አጠፍ አድርጎ እኩል ማድረግ ይበቃል።

ሰንሰለቱ ከጎን ታስሮ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ መሽከርከሪያ (ሰንሰለቱ እንዳይጠማዘዝ የሚዞር ማያያዣ) ብቻ ይመጣል። እንስሳው ሲዞር ሰንሰለቱ ይቋጠርና ጠመዛው እግሩ ላይ ያርፋል፤ ጉዳቱም ማምለጡም የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰንሰለቱን ወደ ወጥመዱ መሠረት መሃል አዛውሮ መሽከርከሪያውን ቢያንስ ሁለት ማድረግ፣ ክፍት የሆኑትን ቀለበቶች መበየድ ያስፈልጋል። ሰንሰለቱ ከረዘመ ለመንደርደር ቦታ ያገኛል፤ 30 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። አሸዋማ መሬት ላይ አንድ ካስማ አይታመንም፤ ሁለት የ60 ሴንቲ ሜትር ፌሮ አጣምሮ መምታት ነው። ሲዘጋ በመንጋጋዎቹ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት የሚተወው ዓይነት እግሩን አይጨፈልቅም፤ ከተገኘ እሱ ይገዛ።

የፋብሪካው ዘይት ይሸታል። በሳሙና ውሃ ቀቅሎ፣ ዝገት ሲጀምረው ቀልሞ ሰም መንከር የተለመደው ነው። ሰሙ ውስጥ ብረቱ እስኪግል ይቆይ፤ ቶሎ ከወጣ ሰሙ ወፍሮ ይረግፋል። እሳት ላይ በቀጥታ የተጣደ ሰም ይቀጣጠላልና ውሃ ላይ ይቅለጥ።

ሲቀበር ዙሪያውን በጣት ሲጫኑት ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከእግሩ ሥር የተወዛወዘበት ቀበሮ ቆፍሮ ያወጣዋል። የተነፋ ደረቅ አፈር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሶ፣ ከመርገጫው ሥር አፈር እንዳይገባ መከለል ነው። እርጥብ አፈር ሌሊት ከበረደ ወጥመዱን እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይነት ወጥመድ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል። በተፈቀደበትም ፈቃድና ወቅት አለው፤ በየቀኑ ማለዳ የማይጎበኝ ሰው ባይገዛው ይሻላል። ውሻና ድመት በሚዘዋወሩበት ሰፈር የሽቦ ሣጥን ወጥመድ ይመረጣል። ፍለጋው ራኩን ብቻ ከሆነ ደግሞ እጁን አስገብቶ ሲጎትት የሚዘጋው የቱቦ ወጥመድ አለ፤ የውሻ እግር እዚያ ገብቶ መጎተት አይችልም።