መጀመሪያ ትራከሩን፣ ከዚያ ሌንሱን፦ ለሌሊት ሰማይ ፎቶ የትኛው ከየትኛው ጋር?

ብዙ ሰው ገንዘቡን ሌንስ ላይ ይጨርስና ትራከሩን በተረፈችው ፍራንክ ይገዛል። ትራከር ስል ካሜራውን ከሰማዩ ጋር እኩል የሚያዞረውን ዕቃ ማለቴ ነው። እኔ ተገላቢጦሹን እመክራለሁ።

ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ባዶ ትሪፖድ ላይ ስንት ሰከንድ እንዳላችሁ ለማወቅ 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉ፤ ሚሊሜትሩ በጨመረ ቁጥር ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል። ይህ ለፉል ፍሬም፣ ማለትም ትልቅ ሴንሰር ላለው ካሜራ ነው። በ14 ሚሊሜትር 35 ሰከንድ ያህል ታገኛላችሁ። በ135 ግን 4 እንኳ አይሞላም፤ ካለፈ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ መስመር ይሆናል። ያውም ስሌቱ ቸር ነው፤ መስመሩ ከዚያም ቀድሞ ሊታይ ይችላል።

ፍኖተ ሐሊብን ከነመልክዓ ምድሩ ለማንሳት ከ14 እስከ 24 ሚሊሜትር ይበቃል። ለዚህ ቦርሳ ኪስ የምትገባው ትራከር ሙቭ ሹት ሙቭ አትበዛም፣ አታንስም። ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ለመጀመሪያ አይከፋም (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ተከፍቶ ብዙ ብርሃን ያስገባል)፤ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ግን ጥግ ላይ ያሉት ኮከቦች ክንፍ ያወጣሉ። ወደ ኤፍ 2.8 ወይም 4 ዝጉት።

ፉክክሩ የሚጦፈው ከዚህ በላይ ነው። ሳምያንግ 135 ሚሊሜትር ኤፍ 2 ሌንስ ወይስ 70-300 ዙም? ዙሙ 300 ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 5.6 ነው፤ ሳምያንጉ 8 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። አውቶፎከስ የለውም፣ በእጅ ነው የሚተኮረው፤ ለኮከብ ግን ማን ይፈልገዋል? በፉል ፍሬም 15 በ10 ዲግሪ ሰማይ ስለሚይዝ 3 ዲግሪ ያህል የምትሰፋው አንድሮሜዳ ጋላክሲ ዘና ብላ ትገባለች። ትንሽ የትራከር ስህተትንም ይቅር ይላል። 300ው አይምርም።

ለ135 ሌንስ ስታር አድቬንቸረር 2አይ ወይም ስካይጋይደር ፕሮ የተባለው ትራከር ይበቃል። ሁለቱም 5 ኪሎ እንሸከማለን ይላሉ፤ እኔ ግማሹን ነው የማምነው። ስታር አድቬንቸረር ጂቲአይም ያው 5 ኪሎ ነው፤ ግን በሁለት አቅጣጫ ይዞራል፣ የፈለጋችሁትን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) ራሱ ፈልጎ ያገኛል። በጨለማ አንገት ማጣመም ለሰለቸው ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል። ከፍ ያለው ዜድደብልዩኦ ኤኤም3 ያለ ክብደት ማመጣጠኛ 8 ኪሎ ይችላል፤ ነገር ግን ስህተቱን እየተከታተለ የሚያርም ሁለተኛ ካሜራ ይፈልጋል። ለሌንስ ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ቴሌስኮፕ ካሰባችሁ ግን አሁኑኑ ግዙት።

ትራከር የሚሠራው ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ አቅጣጫ ሲያነጣጥር ነው፤ ወደ ምድር ወገብ በቀረባችሁ ቁጥር ግን ኮከቡ ወደ አድማስ ይወርዳል። የትራከሩ ማጋደያ እስከዚያ ዝቅ ማለቱን ሳትከፍሉ ጠይቁ። ሌንሱንም የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ኮከብ ላይ ሞክሩት። አራቱም ጥግ እኩል ቢበላሽ የሌንሱ ጠባይ ነው። አንዱ ጥግ ብቻ ከተበላሸ ግን የውስጥ መስታወቱ ተዛንፏልና ቀይሩልኝ በሉ።