ለትንሽ ካምፓኒ የምትሆን ቴስተር ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖች። ጎበዝ ቴስተር (የሶፍትዌር ፈታሽ) ጠፋ እየተባለ ሲማረር ስለማይ፣ ዛሬ አንዲት እህታችንን በአደባባይ ላመስግን።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ለክሊኒኮች የቀጠሮ ሲስተም የምንሠራ ጥቂት ልጆች ነን። አዲስ ቨርዥን በለቀቅን ቁጥር የቆየው ይበላሽብን ስለነበር ቴስቱ አውቶማቲክ ይሁን በሚለው ተስማምተናል። ያልተስማማነው የት ራን ይደረግ በሚለው ነው። ግማሾቻችን በዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ለብቻው ዘግቶ በሚያስኬድ ሳጥን) እዚሁ ቢሮ ሰርቨራችን ላይ ስንል፣ ግማሾቹ የክላውድ ቴስቲንግ (በኢንተርኔት በሚከራይ የሌላ ድርጅት ማሽንና ስልክ ላይ መፈተሽ) እንግዛ አሉ። ክላውዱ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ልጅቷ ስትመጣ ዋጋ ከመናገሯ በፊት ተጠቃሚዎቻችን በምን ስልክና ብሮውዘር እንደሚገቡ ጠየቀች። አብዛኛው ሰው በአንድሮይድ፣ በክሮም ነው፤ አይፎን የያዙትም ግን ቀላል አይደሉም። ከዚያ ቴስቶቻችንን አንድ በአንድ እያነበበች ለሁለት ከፈለቻቸው።

የሎጂኩ፣ የኤፒአዩ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ) እና የዳታቤዙ ቴስት በሙሉ ወደ ኮንቴይነር ገባ። ራን በተደረገ ቁጥር አዲስ ፖስትግሬስ (ዳታቤዛችን) ይነሣል፣ ሲያልቅ ይጣላል፤ የትናንቱ ዳታ የዛሬውን አያበላሽም። ዶከር ኢንጂን ነፃ ነው፣ ሰርቨሩም የራሳችን። ኢሜጆቹ (ኮንቴይነሮቹ የሚነሡባቸው ፋይሎች) አንዴ ከወረዱ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም።

ጉብዝናዋን ያየሁት ግን በጥቃቅኑ ነው። ኮንቴይነሩ የግዕዝ ፊደል ፎንት ስላልነበረው ስክሪንሾቱ ላይ አማርኛው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጨመረችበት። ክሮም መሀል ላይ እየተዘጋ ሲያስቸግር፣ ዶከር ካልነኩት በስተቀር ለሼርድ ሜሞሪ (ፕሮግራሞች በጋራ ለሚጠቀሙበት ሜሞሪ) የሚሰጠው 64 ሜጋባይት ብቻ መሆኑን አሳይታን ከፍ አደረገችው። የኮንቴይነሩ ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ስለሆነ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ራን የሚደረግ ቴስት ቀጠሮውን በትናንት ቀን ይመዘግበዋል። እሱን አስተካክላ ሳታበቃ ጳጉሜ 6 ላይ ለሚውል ቀጠሮም ቴስት ጻፈች። ጳጉሜን የሚያስታውስ ቴስተር ከየት ይገኛል?

አይፎኑ ላይ ስንደርስ ኮንቴይነሩ አያዋጣም አለች። የእኛ ኮንቴይነር የሚሠራው በሰርቨሩ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ነው፤ የዛሬው ሳፋሪ ደግሞ ከአፕል ዕቃ ውጪ አይሠራም። ፕሌይራይት የሚባለው መፈተሻ መሣሪያ ይዞት የሚመጣው ዌብኪት (የሳፋሪ ሞተር) ይቀርበዋል እንጂ ሳፋሪ ራሱ አይደለም። ስለዚህ ለመግቢያ፣ ለቀጠሮ መያዣና ለክፍያ ገጾች ብቻ፣ ያውም ቨርዥን ልንለቅ ስንል፣ እውነተኛ ስልክ የሚያከራይ ክላውድ እንድንጠቀም አደረገች። ሰፋ ያለውን ፓኬጅ ልገዛ ስል የከለከለችኝም እሷ ናት፦ ዋጋው የሚንረው በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን በሚሠሩት ቴስቶች ብዛት ነው፣ ለእናንተ አንድ ይበቃል አለች። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የሴሌኒየም (ብሮውዘሩን የሚያዝዘው መሣሪያ) ትእዛዝ ባሕር ማዶ ደርሶ ስለሚመለስ ሁሉን ወደዚያ መጫን ጊዜ ይበላል። ወደ ክላውዱ የሚሄደው የፈጠራ ስም ብቻ እንዲሆንም አጥብቃ ተናገረች፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የታካሚ መረጃ ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ቀልድ አይደለም።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ።

ርካሽ አይደለችም፣ ይህን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ጥድፊያም አትወድም። የሎድ ቴስት (ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ሲስተሙ ይችለው እንደሆነ የመፈተሽ) ሥራ ስንሰጣት «እሱ የእኔ ሙያ አይደለም» ብላ መልሳዋለች። የምትፈልጓት ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ ስልኳን እልካለሁ። ሎድ ቴስት የሚችል ሰው የምታውቁ ደግሞ እናንተ ለእኔ ጠቁሙኝ።