ለጠባብ ቤት የገና ማስዋቢያ፦ ሰው ሠራሽ ዛፍ፣ የጽድ ቅርንጫፍ ወይስ የግድግዳ መብራት?

በልደታ ወይም በአራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ፣ አለዚያም በአራዳና በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ባለ አነስተኛ የኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ለገና ቤቱን ለማስዋብ ሲያስብ ከዋጋው አስቀድሞ መመልከት ያለበት ወለሉን ነው። በበዓሉ ዕለት በዚያችው ክፍል ውስጥ እንግዳ ይቀመጣል፣ ዶሮ ወጡ ይቀርባል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱ ወጥቶ ቡና ይፈላል፤ ዛፉ የሚቆመው ከዚህ ሁሉ በተረፈው ቦታ ነው። ስለዚህ በዚህ ንጽጽር ውስጥ እያንዳንዱን ዕቃ የምመዝነው ሱቅ ውስጥ በሚታይበት ድምቀት ሳይሆን ቤት ውስጥ በሚይዘው ስፍራ፣ በሚያገለግልበት ዘመን፣ ከበዓሉ በኋላ በሚቀመጥበት ቦታና ከማንደጃው እሳት ጋር ባለው ርቀት ነው።

ሰው ሠራሽ ዛፍ፦ ቁመቱን ሳይሆን ስፋቱን መጠየቅ

በመርካቶም ሆነ በመሀል ከተማ ሱቆች የሚደረደሩት ሰው ሠራሽ ዛፎች የሚሸጡት በቁመታቸው ነው፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር ተነሥተው እስከ 210 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ገዢውም ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ቁመታቸውን ብቻ ነው። ለጠባብ ቤት ግን ወሳኙ ልክ የታችኛው ቅርንጫፍ ስፋት ነው። ቁመቱ 180 ሳንቲ ሜትር የሆነ የተለመደ ዛፍ ከታች እስከ 110 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊሰፋ ይችላል፤ ይህም ወደ 1 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ወለል ይወስዳል ማለት ነው። ሳሎኑ 3 ሜትር በ3 ሜትር ቢሆን ከወለሉ አንድ አሥረኛውን ዛፉ ብቻውን ያዘ ማለት ሲሆን፣ ሶፋው፣ ጠረጴዛውና የቴሌቪዥን ማስቀመጫው የያዙት ቦታ ሲቀነስ ለሰው መተላለፊያ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ቀጭን ተብሎ የሚሸጠውና ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ዛፍ ግን በዚያው ቁመት 0.3 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ረከቦትና ሁለት በርጩማ በቀላሉ ያስቀምጣል።

በዚህ ምክንያት ልጆች ላሉበትና ዛፉ ወለል ላይ ቆሞ እንዲታይ ለሚፈልግ ቤተሰብ የምመክረው ቁመቱ ከ120 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ቀጭን ዛፍ ነው። ከዚያ ያነሰ ቦታ ላለው ደግሞ 60 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር የሆነው፣ ቡፌ ወይም መሳቢያ ላይ የሚቀመጠው ዛፍ ይሻላል፤ ወለሉን ፈጽሞ አይነካም፣ የሕፃን እጅም በቀላሉ አይደርስበትም። ከላይ እስከ ታች ለሁለት የተከፈለ የሚመስለው፣ ጀርባው ጠፍጣፋ ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚጠጋው ግማሽ ዛፍ ከተገኘ ለኮሪደር ዓይነት ጠባብ ሳሎን ከሁሉም የተመቸ ነው፤ ሆኖም በየሱቁ ስለማይገኝ ዕቅድን በእርሱ ላይ ብቻ መመሥረት አይገባም።

የቅጠሉ ጥራት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከስስ ፕላስቲክ ተሸንሽኖ በሽቦ ላይ የተጠማዘዘ ሲሆን፣ ቀላልና ርካሽ ነው። ሁለተኛው በቅርጽ ማውጫ ተሠርቶ የእውነተኛ ቅጠል ውፍረትና ቅርጽ እንዲኖረው የተደረገ ነው፤ ከፊተኛው ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ልዩነቱን ለማወቅ አንዱን ቅርንጫፍ በእጅ መዳፍ ጨብጦ ከግንዱ ወደ ጫፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ማድረግ በቂ ነው፤ መዳፍ ላይ አረንጓዴ ብጥስጣሽ ከቀረ ዛፉ በየዓመቱ ሲወጣና ሲገባ እየተመለጠ መሄዱ አይቀርም። እግሩንም መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ሦስት ጣት ያለው የፕላስቲክ እግር በሊሾ ወለል ላይ ሲንሸራተት፣ የብረቱ ግን ጸንቶ ይቆማል።

ውድ ነው የሚባለውን ዛፍ በዓመት አካፍሎ ማየት ፍርዱን ይለውጠዋል። ለምሳሌ በ6,000 ብር የተገዛ ዛፍ ለ8 ዓመት ቢያገለግል ለአንድ ገና የሚደርስበት 750 ብር ነው፤ በ2,500 ብር ተገዝቶ በ2 ዓመት የተመለጠው ግን ለእያንዳንዱ ገና 1,250 ብር አስወጥቷል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ዛፉ ተጣጥፎ የሚቀመጥበት ቦታ ካለ ብቻ ነው። ከመክፈል በፊት ካርቶኑን አስወጥቶ መለካት፣ ቤት ያለው አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ ይገባ እንደሆነ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። የኪራይ ቤት በየጊዜው የሚቀይር ሰው ትልቅ ዛፍ መግዛቱ ዕቃ ሲጓዝ የሚሰበር አንድ ተጨማሪ ሸክም ማፍራት ነው ብዬ አምናለሁ።

የጽድ ቅርንጫፍና የማሰሮ ተክል

በበዓሉ ዋዜማ ሰሞን በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው የጽድ ቅርንጫፍ ከፕላስቲኩ የሚበልጥበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ሽታው። በአነስተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ደህና ቅርንጫፍ ብቻውን ቤቱን ያውደዋል። በአፈ ሰፊ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በጠጠር ተደግፎ ቢቆም የሚይዘው ቦታ ከአንድ ወንበር አይበልጥም፣ ከበዓሉም በኋላ ማስቀመጫ አይሻም።

ድክመቱ ዕድሜው ነው። ታኅሣሥ በአዲስ አበባ ደረቅ ወር ስለሆነ ያለ ውኃ የቆመ ቅርንጫፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠወልጋል፣ ከዚያም ይረግፋል፤ የደረቀ ጽድ ደግሞ ዘይት ያለው እንጨት በመሆኑ እሳት ሲነካው በቅጽበት ይያያዛል። ስለዚህ ቤት ሲደርስ የግንዱን ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደገና ቆርጦ ወዲያውኑ ውኃ ውስጥ መንከርና ውኃውን በየቀኑ ማየት ግዴታ ነው። እንዲህ ተይዞ እስከ ጥምቀት፣ ማለትም እስከ ጥር 11 ሊዘልቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ቅርንጫፉ በታኅሣሥ መባቻ ሳይሆን ለገና ሦስት ወይም አራት ቀን ሲቀረው ቢገዛ ይመረጣል።

ከሻጩ ዘንድ ሲገዛ የትኛው ጽድ እንደሆነ መለየት ይገባል። የሐበሻ ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ደኑም በእጅጉ የተመናመነ ሀገር በቀል ዛፍ ነው፤ ለጥቂት ቀን ጌጥ መቆረጡን አልደግፈውም። የፈረንጅ ጽድ ግን ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ በአጥርና በተከላ ደን በብዛት የሚገኝ ዛፍ ነው። ሁለቱን በፍሬያቸው መለየት ይቻላል፤ የሐበሻው ፍሬ እንደ አተር የደቀቀ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚያደላ ሲሆን፣ የፈረንጁ ግን የጣት ጫፍ የሚያህል፣ ጠንካራና እንደ እንጨት የሚሰነጠቅ ቆብ ያለው ነው።

በረንዳ ያለው ሰው ከሁለቱም የተሻለ ሦስተኛ ምርጫ አለው፤ ይኸውም በማሰሮ ያለ ችግኝ ነው። የፈረንጅ ጽድ ችግኝ ፀሐይ ስለሚወድ ዓመቱን በበረንዳ ቆይቶ ለገና ሳምንት ብቻ ወደ ቤት ይገባል። ከኖርፎክ ደሴት የመጣው፣ ቅርንጫፎቹ በደረጃ በደረጃ የሚዘረጉት አሮካሪያ ግን በመስኮት አጠገብ ከቤት ውስጥም ይስማማል፤ ቅርንጫፉ ለስላሳ ስለሆነ ከባድ ኳስ አይሸከምም፣ ቀላል መብራትና የወረቀት ኮከብ ግን ያምርበታል። በየዓመቱ እያደገ የሚሄድ ዛፍ ለልጆችም ደስታው የተለየ ነው።

ዛፍ ባይኖርስ?

እውነቱን ለመናገር፣ አልጋና ሶፋ በአንድ ክፍል ውስጥ በሚገናኙበት ስቱዲዮ ውስጥ ዛፍ መግዛት ግድ አይደለም። ዛፉ ራሱ ከጀርመን አገር ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ ልማድ እንጂ የልደት በዓል ያለ እርሱ የሚጎድልበት ነገር የለም። በባዶ ግድግዳ ላይ መብራቱን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ እያጠማዘዙ በትንንሽ ማጣበቂያ መስቀያዎች ማሰር፣ ጫፉ ላይ ኮከብ መስቀል ብቻውን ያማረ የገና ዛፍ ይሆናል። ወለል አይወስድም፣ ካርቶን አይፈልግም፣ ዋጋውም የመብራቱ ዋጋ ብቻ ነው። ተከራዮች ምስማር መምታት ስለማይፈቀድላቸው ማጣበቂያ መስቀያው ይረዳቸዋል፤ ነገር ግን ኖራ በተቀባና በሚላላጥ ግድግዳ ላይ አይጸናም፣ ሲነሣም ቀለሙን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሞ በማይታይ ጥግ መሞከር ያሻል።

ጌጣጌጥ

የመስታወት ኳስ ከፕላስቲኩ የላቀ ድምቀት አለው፤ ነገር ግን በሊሾ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲወድቅ ፍንጣሪው ቄጤማው ውስጥ ገብቶ በባዶ እግር የሚሄድ ልጅን ይወጋል። ልጅ ባለበት ቤት ፕላስቲኩ ይበቃል። ከሁለቱም ይልቅ የሚማርከኝ ግን የአገራችን የእጅ ሥራ ነው። በአክርማና በስንደዶ የተሰፉ መዳፍ የማይሞሉ ሰፌዶች፣ ሽሮ ሜዳ ከሚገኙ የሐበሻ ልብስ ሻጮች የሚለመን ቁራጭ ጥለት፣ በክር የተሰካ ፈንዲሻ እያንዳንዳቸው ለዛፉ የዚህን ቤት መልክ ይሰጡታል። ጥለቱን በጣት ወርድ ቆርጦ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሪባን ማሰር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሰፌዶቹ ከገና በኋላ ግድግዳ ላይ ስለሚቆዩ የማስቀመጫ ችግር የለባቸውም፤ ፈንዲሻው ግን ጉንዳን እንዳይጠራ ከሳምንት በላይ መቆየት የለበትም።

በትንሽ ቤት ውስጥ ሁለት ቀለም መምረጥና በእርሱ መጽናት ከብዙ ቀለም ይሻላል። ግድግዳው፣ መጋረጃውና የሶፋው ልብስ ቀድሞውንም የየራሳቸው ቀለም ስላላቸው፣ ተጨማሪ አምስት ዓይነት ቀለም ክፍሉን የበለጠ ያጠብበዋል።

ስለ ወለሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሰው ሠራሽ ሣር ለዓመታት ያገለግላል፤ ሽታ ግን የለውም፣ ከማንደጃ የፈለቀ ፍም ሲወድቅበትም ይቀልጣል። ቄጤማ በአንድ ሁለት ቀን ቢጠወልግም ዋጋው አይከብድም፣ በዓሉን በዓል የሚያሰኘው ጠረኑም በምንም አይተካም። ቄጤማውን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ።

መብራት፦ ገንዘቡ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው

አንድ ሰው ለማስዋቢያ ያለው ገንዘብ ውስን ከሆነ ከዛፉ ቀንሶ ለመብራቱ እንዲጨምር እመክራለሁ፤ ምሽት ላይ ቤቱን የሚለውጠው እርሱ ነውና። በገበያ ላይ የሚገኙት አሮጌዎቹ ክር ያላቸው አምፖሎችና ኤልኢዲ ናቸው። 100 አምፖል ያለው አሮጌው ዓይነት ወደ 40 ዋት ሲወስድ፣ ተመሳሳዩ ኤልኢዲ ወደ 6 ዋት ገደማ ይበቃዋል። በየምሽቱ 5 ሰዓት ለ30 ቀን ቢበሩ የመጀመሪያው 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል፤ ሁለተኛው 1 እንኳ አይሞላም። ይህ በወር ቆጣሪ ላይ የሚያሳድረው ልዩነት ከባድ አይደለም። ኤልኢዲን የሚያስመርጠው ዋናው ምክንያት ሙቀቱ ነው፤ አሮጌው አምፖል ይግላል፣ በደረቀ ጽድ ወይም በስስ መጋረጃ ላይ ሲያርፍም ያሰጋል። በተጨማሪም በአሮጌዎቹ ብዙዎቹ አንድ አምፖል ሲወልቅ ወይም ሲላላ ሙሉው መስመር ይጠፋል።

ቀለሙም ሊታሰብበት ይገባል። በብርሃን ቀለም መለኪያው በኬልቪን ሲታይ 2,700 ገደማ የሆነው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላው ነጭ ብርሃን የጧፍን መልክ ስለሚይዝ ጠባብ ክፍልን ያሞቀዋል፤ ከ6,000 ኬልቪን በላይ የሆነው ሰማያዊ ነጭ ግን ቤቱን የሱቅ መስኮት ያስመስለዋል። ኬልቪኑ በካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ አብርቶ በነጭ ወረቀት ላይ ማየት ይበቃል። በየሰከንዱ የሚብለጨለጨው ዓይነት ለአደባባይ እንጂ ሰው ተቀምጦ ለሚጫወትበት ክፍል አይሆንም፤ ስለዚህ ሳይብለጨለጭ የሚበራበት ምርጫ በመቆጣጠሪያው ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በሶኬት የሚሠራውና በባትሪ የሚሠራው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦታ አላቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በዩኤስቢ የሚሞላ ወይም ከስልክ መሙያ ባትሪ የሚሠራ መስመር የበዓሉን ምሽት ያድናል፤ ተራ የባትሪ ድንጋይ የሚበላው ግን ለአንድ ወር ሲታሰብ ከዛፉ የበለጠ ሊያስወጣ ይችላል። በሶኬት የሚሠራ ከሆነ የአገራችን ኃይል 220 ቮልት ስለሆነ፣ ለ110 ቮልት የተሠራ ከውጭ የመጣ መብራት ያለ መቀነሻ መሰካት የለበትም። ዲቫይደሩ ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ወይም ከፍ ባለ ስፍራ ይቀመጥ፤ ቄጤማው ሲጎዘጎዝ እርጥብ ነው፣ ገመድም ከሥሩ ማለፍ የለበትም።

ጧፍ በዛፍ አጠገብ አይበራ። በጀርመን አገር ዛፍ ላይ እውነተኛ ሻማ ይበራ የነበረ ሲሆን፣ በ1882 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው የገና ዛፍ ከታየ በኋላ ሻማው ቀስ በቀስ ቦታውን የለቀቀው የሚያደርሰው ቃጠሎ ብዙ ስለነበር ነው። ማንደጃውም ከዛፉ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ የክፍሉ ስፋት ይህን ካልፈቀደ ቡናው ከመፈላቱ በፊት ዛፉ ሳይሆን ማንደጃው ቦታ ይቀይር፣ እርሱም የማይቻል ከሆነ ለዚያ ቤት የሚስማማው የግድግዳው መብራት ነው።

መብራቱ በየትኛውም ሱቅ ሲገዛ ሻጩ ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ሙሉውን ዘርግቶ፣ ሰክቶ ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ እንዲያበራው መጠየቅ የገዢው መብት ነው። በዚያ መካከል የመቆጣጠሪያውን ሣጥንና የሶኬቱን ራስ በእጅ ዳስሶ የሚግል ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ሌላ ማስወጣት፣ ሁለተኛውም እንደዚያው ከሆነ ሱቁን መቀየር ይገባል።