የሜታል ሰደርያዬን ጠባሴ አሳጠብኩት

የሄቪ ሜታል ሙዚቃ ወዳጆች የሚለብሱት፣ የባንድ አርማ በተጠለፈባቸው ጨርቆች ከፊትም ከኋላም የተሸፈነ እጅጌ አልባ የጂንስ ሰደርያ አለኝ። ሽታው አብሮ ለመቀመጥ እስኪያስቸግር ድረስ ከከረመ በኋላ፣ ባለፈው ጥቅምት ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር በምትገኝ አንዲት አነስተኛ የእጅ ልብስ ማጠቢያ ቤት አሳጥቤው፣ ሽታው ለቅቆ አርማዎቹም በየቦታቸው እንዳሉ ተመልሶልኛል። በሰሜን ሸዋ እንዲህ ያለ ልብስ ያለን ሰዎች ብዙ አይደለንም፤ ላለነው ይጠቅም ዘንድ ግን የተደረገውን ሁሉ በዝርዝር ልጽፈው ወደድሁ።

ሰደርያው በመጀመሪያ የእኔ አልነበረም። ጀርመን አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ አርማዎቹን አንድ በአንድ እየሰበሰበ የሰፋው ሲሆን፣ በደረቱ ላይ ብላክ ሳባዝና ሞተርሄድ፣ በጀርባው ሙሉ ደግሞ የአይረን ሜይደን ትልቅ አርማ አለበት። በሰሜን ጀርመን ቫከን በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ወደሚካሄደው የሜታል ፌስቲቫል ለብሶት ይሄድ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ዝናቡና ጭቃው ከመጠን በማለፉ አዘጋጆቹ ተጨማሪ ሰው ማስገባት አቁመው ነበር፤ እርሱ ቀድሞ ከገቡት አንዱ ስለነበር ሰደርያው ያን ሁሉ ጭቃ ጠጥቶ ወጣ። ጀርመኖች ይህን ልብስ ኩተ ይሉታል፤ ቃሉ የመነኩሴ ቀሚስ ማለትም ነው። ብዙዎቹ ለባሾች ሰደርያቸውን ፈጽሞ አያጥቡም፤ ላቡም፣ ጭሱም፣ የፈሰሰበት ቢራም የሄዱበት መንገድ ምስክር ነው ብለው ያምናሉ። የአጎቴ ልጅም እንዲሁ ያምን ስለነበር፣ ለእኔ ሲሰጠኝ ሳይታጠብ ነው የሰጠኝ።

ይህን እምነት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሽታው የትዝታ ሳይሆን የባክቴሪያ ሥራ መሆኑን መካድ አይቻልም። ላብ ከሰውነት ሲወጣ ይህን ያህል አይሸትም፤ የሚሸተው በቆዳና በጨርቅ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ነው። ጂንሱ ጥጥ በመሆኑ ሽታውን በውኃ በቀላሉ ይለቃል፤ አርማዎቹ የሚጠለፉበት ክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ፣ ቅባትነት ያለውን የላብ ክፍል አጥብቆ ይይዛል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው በአርማውና በጂንሱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። እዚያ የገባ እርጥበት ነፋስ ስለማያገኘው ይሻግታል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት፤ በክረምት ነጠላ እንኳ ለመድረቅ ቀናት በሚወስድበት አየር፣ በሁለት ድርብ ጨርቅ የተሠራ ሰደርያ በጓዳ ተሰቅሎ ሐምሌንና ነሐሴን ሲያሳልፍ ምን እንደሚሆን የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

ወደ ጠባሴ ከመሄዴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ትልቅ ላውንደሪ ሰጥቼው ነበር፤ ስሙን አልጠቅስም። ተቀባዩ ሰደርያውን እንኳ ሳይዘረጋ ቁጥር ለጠፈበት። ሲመለስልኝ ሽታው በሽቶ ተሸፍኖ እንጂ አልለቀቀም፤ በእንፋሎት ካውያ ስለተጫኑትም በሙጫ የተያያዘው የትከሻው አርማ ሙጫው ቀልጦ ጠርዙ ተጨማዶ ነበር። እንዲህ ያሉ አርማዎች በሙቀት እንዲጣበቁ ተደርገው የሚሠሩ በመሆናቸው በሙቀት እንደሚለቁ፣ ልብስ ማጠብን ሥራዬ ያለ ሰው ሊያውቀው ይገባ ነበር። በዚያን ቀን የተሰማኝ ሐዘን ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ያ ቁራጭ ግን የአጎቴ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የስደት ኑሮው የገዛው ነበር።

የጠባሴዋ ቤት ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ሲሆኑ፣ ደንበኞቻቸው ሁሉ እትዬ እያሉ ይጠሯቸዋል። ቤቷ አንዲት ክፍል፣ አንድ ጓሮ፣ አራት ሳፋና ረጅም የልብስ ማስጫ ገመድ ናት፤ ማሽን የለም። ሰደርያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ወደ ግማሽ ሰዓት ያህል አገላብጠው አዩት። በመንገድ የሚያገኙኝ ሰዎች በጀርባዬ ባለው የአይረን ሜይደን አርማ ላይ ያለውን አስፈሪ ፊት አይተው ምን ዓይነት ሰው ይሆን ብለው ዘወር ሲሉ ለምጃለሁ፤ እትዬ ግን የተመለከቱት ስፌቱን ነበር። የትኛው በክር ብቻ፣ የትኛው በሙጫ እንደተያዘ፣ የትኛው እዚህ አገር እንደተጠለፈ እየጠየቁ በእርሳስ ጻፉ። «ልጄ፣ ይኼ እንደ በርኖስ ነው፤ ከመታጠቡ በፊት መናፈስ አለበት» አሉኝ። ይህን ሲሉ መንዝ የነበሩት አያቴ ትዝ አሉኝ። የበግ ጠጉር በርኖሳቸውን ውኃ አያስነኩትም ነበር፤ ያራግፉታል፣ ነፋስ ላይ ይሰቅሉታል እንጂ።

ከውስጥ ኪሱ ስፌት ሥር የደረቀ አፈር ወጣ፤ የቫከን ጭቃ መሆኑ ነው። እትዬ ከአንድ ገዳም የመጣ እምነት ሊሆን ይችላል ብለው በመስጋት፣ ሳይጥሉት በወረቀት ጠቅልለው አስቀምጠውልኝ ነበር። ምን እንደሆነ ስነግራቸውም አልጣሉትም፤ ከሰደርያው ጋር መልሰው ሰጡኝ።

አጠባቡን ፈቅደውልኝ ቆሜ አይቻለሁ። ሁለት ቀን በጥላ ሥር ነፋስ ላይ ከዋለ በኋላ፣ በመጀመሪያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ እያንዳንዱ አርማ ላይ ጫን አድርገው ቀለም የሚለቀውን ለዩ። የውጭዎቹ አንዳቸውም አልለቀቁም። እኔ ራሴ እዚሁ ከተማ የጃኖ ባንድን ስም በቀይ ክር ያስጠለፍኩበት ጨርቅ ግን ነጩን ጨርቅ ሐምራዊ አደረገው፤ ስለዚህ ተፈትቶ ለብቻው ተቀመጠ። ቀጥሎ የሠሩት፣ በእኔ አስተያየት ሽታውን ያሸነፈው፣ የጀርባውን ትልቅ አርማ የታችኛውን ጠርዝ ስፌት አንድ ስንዝር ያህል መፍታታቸው ነው። በዚያ በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ገብቶ መውጣት ቻለ። ከዚያም ሰደርያውን ገልብጠው፣ አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ለግማሽ ሰዓት ዘፈዘፉት። አቼቶ አሲድ በመሆኑ ሽታ የሚፈጥሩትን አንዳንድ ነገሮች ያዳክማል፤ በልብሱ የቀረ የሳሙና ዝቃጭንም ይፈታል። በረኪና አጠገቡ አልደረሰም፤ በረኪና ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣ፣ ይህን በቤታችሁ የምትሞክሩ ሰዎች አጥብቃችሁ ተጠንቀቁ።

አቼቶው ከተለቀለቀ በኋላ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ታጠበ። እትዬ አላሹትም፤ እንደ ሊጥ በመዳፋቸው ይጫኑትና ይለቁት ነበር። የጂንስ ሰማያዊ ቀለም በክሩ ላይ ከላይ ከላይ ብቻ የሚያርፍ እንጂ እስከ መሐሉ የማይዘልቅ በመሆኑ፣ ማሸት የበዛበት ቦታ ቶሎ ይነጣል። ብብቱንና የአንገቱን ጠርዝ ብቻ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አስለቀቁት። የመጀመሪያው ውኃ እንደ ቡና አተላ ጠቆረ፤ አራተኛው ጠራ። ሲጨመቅም አልተጠመዘዘም፤ በደረቅ ፎጣ ተጠቅልሎ ተጫኑት፤ ከዚያም ፀሐይ ቀለሙን እንዳይበላው በጥላ ተሰጣ። የጥቅምት ነፋስ በአንድ ቀን ተኩል አደረቀው።

በመካከሉ አንድ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የቴአትር ልብስ ጠባቂዎች መታጠብ የማይችል አልባሳት ላይ ቮድካ እንደሚረጩ አውቅ ስለነበር፣ በእኛ አገር ዳግም አረቄ ያንን ሊተካ አይችልም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሁለት ጊዜ የወጣ አረቄ በቂ አልኮል ስላለው ባክቴሪያን ይገድላል፤ የራሱ ሽታም በፍጥነት ይተናል። እትዬ መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ግን በመርጫ አድርገው ገበሩ ላይ ብቻ ሞከሩት። ሠርቷል። ወይራ ማጠንን ግን እምቢ አሉ፤ ጭስ ሽታ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም የሚለው ምክንያታቸውም ትክክል ነው።

ጉድለቶችም ነበሩ። ስድስት ቀን ፈጅቷል፤ የተከፈለውም 400 ብር ነው። ተራ ጃኬት ከሚታጠብበት በብዙ ቢበልጥም፣ ለደከሙበት ሥራ አነሰ እንጂ አልበዛም እላለሁ። በአንገቱ ዙሪያ ካሉት የብረት ጉብጉቦች ሁለቱ አቼቶ ነክቷቸው ዝገት ጀምረዋል፤ ከመዘፍዘፉ በፊት ቢፈቱ ወይም ያ ክፍል ከውኃው ውጭ ቢቆይ ይሻል ነበር። የጀርባው አርማ የተፈታው ጠርዝም ሳይጠይቁኝ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል፤ የቀድሞው ጥቁር ነበር። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ የአጎቴን ልጅ የእጅ ስፌት ለማውቀው ለእኔ ግን ዓይኔ ሁልጊዜ እዚያው ያርፋል። ነግሬያቸው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ጥቁር ክር ይዤ ስመጣ ያለ ክፍያ እንደሚቀይሩትም ቃል ገብተዋል። ደረሰኝ አይሰጡም፤ በእርሳስ የጻፏት ወረቀት ናት ደረሰኙ።

ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ፣ ከመስከረም በኋላ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ውሰዱ፤ በክረምት ሊቀበሉም አይፈልጉም። የስፌቱን ክር ቀለም ይዛችሁ ሂዱ፤ የብረት ጌጥ ካለው አስቀድማችሁ ፍቱ፤ በሙጫ የተያዘውንም ራሳችሁ ጠቁሙ። የእኔን ከወሰድኩ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሁለት ጊዜ ለብሼው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚኒባስ ተመላልሻለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው መስኮት አልከፈተም። የጃኖን ስም ቀለሙ በማይለቅ ክር እንደገና እስካስጠልፈው ድረስ፣ በደረቴ በስተግራ ያለው ቦታ ለጊዜው ባዶ ነው።