የዘጌ የጀልባ ጉዞ፦ ሥዕሉን ለማየት ሄጄ ጫካው አስቀረኝ

ከአክስቴ ጋር ከባህር ዳር ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው ዘጌ የአንድ ቀን የጀልባ ጉዞ ሄደን መጣን። ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ጫካው ከአሥር አሥር፣ ጀልባው አምስት፤ አስጎብኚ ግን እንደ እድላችሁ ነው።

ከጀልባው ልጀምር። ዋጋ ሳትነጋገሩ እንዳትሳፈሩ፤ ሰዓቱንም ጭምር። እኛ ዋጋውን ጨርሰን ሰዓቱን ረሳነው። ለካ ባለ ጀልባው በልቡ ለዘጌው ገዳም ለኡራ ኪዳነ ምሕረት የመደበልን አንድ ሰዓት ብቻ ኖሯል! ከወደቡ እስከ ቤተክርስቲያኑ በእግር ሃያ ደቂቃ ግድም ነው፣ ያውም ግራና ቀኙ ዕቃ ሻጭ የተደረደረበት መንገድ ነው፣ ስለዚህ ደርሶ መልሱ ብቻ ጊዜውን በላው። አክስቴ "ልሳለም ነው እንጂ ልሯሯጥ አልመጣሁም" ብላ ድንጋይ ላይ ቁጭ ስትል ነው ሰውዬው የለዘበው። ደግሞ እዚያው ጣና ደሴት ላይ ያለው ገዳም ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ከእናት ወይም ከእህት ጋር የምትሄዱ ከሆነ ጀልባው ሳይነሳ እወቁት።

አብዛኛው አስጎብኚ ቀጥ አድርጎ ወደ መቅደሱ ሥዕል ነው የሚወስዳችሁ። ሥዕሉ ያስደንቃል፣ እሱን ሌላ ሰው ይጻፍላችሁ። የኛ አስጎብኚ ግን የዚያው የዘጌ ልጅ ነው፣ መንገድ ላይ አቆመኝና "ጋሼ፣ ይህን ያውቁታል?" ብሎ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ሲዳስሱት እንደ ከፈይ የሚለሰልስ የዛፍ ፍሬ ቅርፊት ሰጠኝ። ብርብራ ነው። ሲደርቅ ጧ ብሎ ይፈነዳና ፍሬውን ይበትነዋል። አሣ አጥማጆች ፍሬውን ፈጭተው ውሃ ላይ ሲነሰንሱት አሣው ይደነዝዛል። ዛፉ በተፈጥሮ የሚበቅለው ኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር፣ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ረሳሁት። ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ዶቅማው ከላይ ጥላ ይሰጣል፣ ቡናው ከሥር ነው። ጦጣ እንደ ልብ አለ። ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተደረበበት ትልቅ ወፍ ከራሳችን በላይ ሲያልፍ የክንፉ ድምፅ አክስቴን አስደንግጦ አስማተባት።

ልጁ እንደነገረን ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስም ከብት ማርባትም ነውር ነው፤ የጻድቁ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ይላሉ። በትራቸው ሦስት ቦታ ተሰብሮ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ የሚለውም ከዚያው ነው። ከብት አለመግባቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ወደ ደብረ ታቦር በኩል ስትሄዱ እርሻው ራቁቱን ነው፣ መሃል ላይ አረንጓዴ ጉብታ ካያችሁ ቤተክርስቲያን አለ ማለት ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደርን 28 አብያተ ክርስቲያናት ደን አጥንቶ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነት አግኝቷል። ችግሩ እዚያ ከብት ገብቶ ችግኙን ይረግጠዋል፣ ይበላዋል። አንዳንድ ደብሮች ከእርሻው በተለቀመ ድንጋይ ዙሪያውን አጥረው ነው ችግኝ እንደገና የበቀለላቸው።

ዘጌም ቢሆን እንከን አለው። ቡናው እንዲመች ከሥር ሲመነጠር ተተኪ ዛፍ የት ይብቀል? ብዙ ቦታ ያየሁት ሽማግሌ ዛፍና ቡና ብቻ ነው፣ መሃሉ ባዶ። ልጁን ጠየቅኩት፣ ትከሻውን ነቀነቀ።

መግቢያው ለየገዳሙ ለብቻው ይከፈላል፣ ዝርዝር ብር ያዙ።

ስንመለስ አንዲት እናት ደጃፋቸው ቡና አፍልተው "ግቡ" አሉን። ከጓሯቸው ለቅመው ያደረቁት ነው፣ አንድ ኪሎ ገዛሁ። ባለ ጀልባው ከታች ሁለቴ አፏጨ። አክስቴ ስኒዋን እያቀበለች "ያፏጭ፣ ገና ቶና ላይ ነን" አለች።